አዋሽን ወደ ሙኒክ የወሰደው ሠዓሊ

እ.ኤ.አ. በ1841 ክረምት ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ ያቋረጠ የግመል ቅፍለት በፋሬ በኩል ይፋት ገባ። ጭነቱ ለሸዋው ንጉሥ ለሣህለ ሥላሴ የተላከ ጠመንጃና መድፍ፣ መሪው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ኮርንዋሊስ ሃሪስ ነበር። ከሐኪሙና ከተፈጥሮ ተመራማሪው ሌላ፣ የሽፓየሩ ተወላጅ ጀርመናዊው ሠዓሊ ዮሐን ማርቲን በርናትዝም የቡድኑ አባል ነበር። ፎቶግራፍ ለዓለም ከተዋወቀ ገና ሁለት ዓመቱ ስለነበር፣ የሩቅ አገር ለአውሮፓ የሚታየው በእርሳስና በቀለም ነበር።

በርናትዝ ታዲያ መዝጋቢ ብቻ አልነበረም። ሙያውን የተማረው ሮማንቲክ የሚባለው አሣሣል በገነነበት ዘመን ነው። በዚህ አሣሣል ተፈጥሮ ትገዝፋለች፣ ሰው ያንሳል። የወንዝ ሥዕል ሲሆን ደግሞ የተለመደ አደራደር አለው፦ ከፊት ጥላ ያጠላበት ዛፍ፣ መሀል ላይ ብርሃን ያረፈበት ውሃ፣ ከኋላ ወደ ሰማያዊ የሚደበዝዝ ተራራ። ዓይን ወንዙን ተከትሎ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ለንደን ናሽናል ጋለሪ ያለው የጆን ኮንስታብል የ1821 ሥዕል ጥሩ ምሳሌ ነው። ስቱር ወንዝ ውስጥ ጋሪ ቆሟል፣ ከዳር ውሻ ይመለከታል፣ ሰማዩን ደመና ሞልቶታል። ሠዓሊው ግን ይህን የጨረሰው ለንደን ተቀምጦ፣ ወንዙ ዳር ከሠራቸው ንድፎች ነው።

በርናትዝም እንዲሁ አደረገ። የነደፈውን ይዞ ወደ ሙኒክ ተመለሰና በ1852 ሁለት ክፍል ያለው የሥዕል መጽሐፍ አወጣ፤ አንደኛው የአፋር ቆላ፣ ሁለተኛው የሸዋ ደጋ።

ኅትመቱ የድንጋይ ነው፤ ሙኒክ ያለችበት የባቫሪያ ሰዎች የሚኮሩበት ጥበብ። በለሰለሰ የኖራ ድንጋይ ላይ ቅባት ባለው እርሳስ ይሣላል፤ ከዚያ ድንጋዩ በውሃ ይርሳል። ቅባትና ውሃ ስለማይስማሙ፣ የሚቀባው ቀለም የሚይዘው መሥመሩን ብቻ ነው። ወረቀት ይጫንበታል፣ ሥዕሉ ተገልብጦ ይወጣል።

ከሸዋ ሮቢት የመጣ ተመልካች እንዲህ ያሉ ሥዕሎችን ሲያይ ከሙኒክ ሰው የተለየ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም፦ ግራሩ ግራር ይመስላል? ውሃውስ? ሃሪስ እንደጻፈው፣ ቅፍለቱ አዋሽን የተሻገረው ጓዙን በእንጨት መንሳፈፊያ አሻግሮ፣ ከብቱን አዋኝቶ ነው። የክረምት አዋሽ ደፍራሽ ነው፤ ሮማንቲኮች ደግሞ ወንዝ ማጥራት ይወዳሉ። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሥዕል የሚመረምር ሰው የተራራውን ቅርጽ ቢያምን፣ የውሃውን መልክ ቢጠራጠር ይሻለዋል።

ከደጋው አፋፍ ወርዶ በሸዋ ሮቢት አድርጎ ወደ አዋሽ የሚያቀናው የሮቢ ወንዝም ለዚህ አሣሣል ያስቸግራል። በሐምሌ ጭቃ ለብሶ፣ እየጮኸ ይወርዳል። በየካቲት ግን ጠጠሩን አስጥቶ በቀጭኑ ይሄዳል፤ ገበሬው ለሽንኩርቱና ለማንጎው የሚጠልፈው ያንኑ ነው።