አሥራ ሁለት ወር ብቻ የሚያውቅ ፎርም

የአክስቴ ልጅ የተወለደችው ጉደር ነው፤ ጳጉሜ 3 ቀን 1994 ዓ.ም.። ልጆች እያለን በዚህ ስንቀልድባት ነው ያደግነው። «አንቺ እኮ አሮጌው ዓመት ሊወጣ ሲል በበሩ ቀዳዳ ሾልከሽ የገባሽ ነሽ» እንላት ነበር። ቀልዱ አንድ ቀን ቁም ነገር ሆኖ ይመጣል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም።

ባለፈው ዓመት አንድ የሥራ ማስታወቂያ ወጣ። ማመልከት የሚቻለው በኦንላይን ብቻ ነው። እሷም እንደ ብዙዎቹ የአካባቢያችን ልጆች ታክሲ ተሳፍራ አምቦ መጣች፤ «ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ የኦንላይን ምዝገባ» የሚል ሰሌዳ ከሰቀሉት ቤቶች አንዱ ገባች። ስም ተሞላ፣ ስልክ ተሞላ። የትውልድ ቀን ጋ ሲደረስ ነገሩ ቀጥ አለ። ፎርሙ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ይላል። ወር የሚመረጥበትን ሲነኩት ግን ከመስከረም ጀምሮ ይዘረዝርና ነሐሴ ላይ ያበቃል።

«ጳጉሜ የለም እኮ እህቴ፤ መስከረም 1 ላድርግልሽ?» አላት ልጁ። ከኋላ ሰው ይጠብቃል፤ ኔትወርኩም መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅም። «በቃ አድርገው» አለች።

ልጁ ቀኑንና ወሩን ቀየረ፤ ዓመቱን ግን እንዳለ ተወው። መስከረም 1 ቀን 1994 ሆነ። አያችሁ? ሦስት ቀን ወደፊት የተገፋች መስሏቸው 362 ቀን ወደ ኋላ ሄደች። በአንድ ንክኪ አንድ ዓመት ሊሞላ ሦስት ቀን የቀረው ዕድሜ ተጨመረላት።

የመጀመሪያውን ዙር አለፈች። ሰነድ ሲመሳከር የቀበሌ መታወቂያዋ ጳጉሜ 3 ይላል፣ ሲስተሙ መስከረም 1 ይላል። «መረጃሽ አይገጥምም፤ አስተካክለሽ ነይ» ተባለች። ጉደርና አምቦ ሦስት ጊዜ ተመላለሰች፤ ደብዳቤ አጻፈች፤ ማኅተም ፍለጋ ሰው ጠበቀች። ደብዳቤው እጇ ሲገባ ቀነ ገደቡ አልፎ ነበር።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? የሷም የጽሕፈት ቤቱ ልጅም አይመስለኝም። ፎርሙን የሠራው ሰው አሥራ ሦስተኛውን ወር ስለረሳ ነው። እስቲ ጉዳዩን ከውስጡ ገብተን እንየው፤ የሚያስፈራ ነገር የለውም።

ለኮምፒውተር ቀን ማለት ቁጥር ነው

ኮምፒውተር መስከረምንም ሴፕቴምበርንም አያውቅም። የሚያውቀው ቆጠራ ነው። ድረ ገጾች የሚሠሩበት ጃቫስክሪፕት ጊዜን የሚለካው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ከገባበት እኩለ ሌሊት ጀምሮ ባለፉት ሚሊሰከንዶች ነው። ያ ቀን በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው። የወር ስም፣ የዓመት ቁጥር፣ «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» የሚባሉት ሁሉ በዚያ ቁጥር ላይ የሚደረቡ ልብሶች ናቸው።

የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ለሒሳብ እንዴት እንደሚመች! 12ቱ ወራት እኩል 30 ቀን ናቸው፤ 28 ነው፣ 31 ነው የሚባል ጣጣ የለም። ጳጉሜ 5 ቀን ናት፤ በየአራት ዓመቱ፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ፣ 6 ትሆናለች። የአክስቴን ልጅ ልደት ወስደን እናስላው።

ከዓመቱ 1 ቀንሱና በ365 አባዙ፤ 1993 በ365 ሲባዛ 727,445 ነው። ቀጥሎ ዓመቱን ለ4 አካፍሉና ትርፉን ጣሉ፤ 498። ይህ እስከዚያ ድረስ ስድስት ቀን ጳጉሜ የነበራቸው ዓመታት ብዛት ነው። ያለፉትን ወራት በ30 አባዙ፤ 12 በ30 ሲባዛ 360። በመጨረሻ ከቀኑ 1 ቀንሱ፤ 2። ሲደመር 728,305 ይመጣል። በዚሁ መንገድ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962ን ብታሰሉ 716,367 ታገኛላችሁ። ልዩነቱ 11,938 ቀን ነው። ይህን ቁጥር ወደ ሚሊሰከንድ ቀይራችሁ ለጃቫስክሪፕት ብትሰጡት ሳያንገራግር ሴፕቴምበር 8 ቀን 2002 ይላችኋል። ትክክለኛው የልደት ቀኗ ይኼ ነው።

አለቀ። መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛት፣ ማካፈል። አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ በደብተሩ ጀርባ የሚሠራው ሒሳብ ነው።

ሳይናገር የሚሳሳት ማሽን

ችግሩ የሚጀምረው ፕሮግራመሩ ይህን ትቶ የእኛን ቀን እንደ ፈረንጅ ቀን አድርጎ በቀጥታ ሲያስገባ ነው። ጃቫስክሪፕት ወርን የሚቆጥረው ከ0 ነው፤ ጃንዋሪ 0፣ ዲሴምበር 11። ጳጉሜ 3 ቀን 1994ን እንዳለ ብትሰጡት «አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል የለም» ብሎ አይጮህም። ዝም ብሎ ወደሚቀጥለው ዓመት ያሸጋግርና ጃንዋሪ 3 ቀን 1995 ይላችኋል። ጥቅምት 30 ቀን 2017ን ብትሰጡት ደግሞ ሁለተኛውን ወር ፌብሩዋሪ አድርጎ ይወስደዋል፤ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው ማርች 2 ብሎ ይመዘግባል። ስህተቱን የሚያሳይ ቀይ ጽሑፍ የለም። ሰውየው የሚያውቀው ከወራት በኋላ መስኮት ላይ ቆሞ «አይገጥምም» ሲባል ነው።

ሌላው ወጥመድ አንዲት ቀን የምትሰረቅበት ነው። ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ የሰዓት መነሻ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ትቀድማለች። አንድ ፎርም የልደት ቀናችሁን «የዚያ ቀን እኩለ ሌሊት» ብሎ ይይዝና ወደ ሰርቨር ሲልከው ወደ ዩቲሲ ይቀይረዋል። ሦስት ሰዓት ሲቀነስ ከምሽቱ 3 ሰዓት ይሆናል፤ ግን የትናንትናው ምሽት። ሰርቨሩ ሰዓቱን ቆርጦ ቀኑን ብቻ ሲያስቀምጥ አንድ ቀን ቀድማችሁ ተወለዳችሁ ማለት ነው። ለልደት ቀን ሰዓት ምን ይሠራለታል? ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብሎ በጽሑፍ ማስቀመጥ ይበቃ ነበር።

ሦስተኛው ወጥመድ የእኛው የሰዎቹ ነው፤ «ስምንት ደምርበት» የሚባለው። 12/04/1994 የተወለደ ልጅ በፈረንጅ ስንት ነው ሲባል 12/04/2002 ብሎ የሚሞላ ስንት ሰው አለ! ታኅሣሥ 12 ቀን 1994 ግን ዲሴምበር 21 ቀን 2001 ነው። ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜ 8 ዓመት ነው፤ ቀኑና ወሩም አብረው ይቀየራሉ። በዚያ ላይ 12/04/2002ን እንግሊዛዊ ሲያነበው ኤፕሪል 12፣ አሜሪካዊ ሲያነበው ዲሴምበር 4 ነው። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው አይኤስኦ 8601 የተባለው መስፈርት «መጀመሪያ ዓመት፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ ቀን» ብሎ የደነገገው፦ 2002-09-08።

«አማጂ 15» ስንት ነው?

እዚህ ምዕራብ ሸዋ ውስጥ ደግሞ ሌላ ቦታ ብዙ የማይወራለት ጉዳይ አለ። በአማርኛ ጥር ብላችሁ ስትጽፉ አንባቢው የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ያውቃል፤ የፈረንጁ ከሆነ ጃንዋሪ ትላላችሁ። በአፋን ኦሮሞ ግን አንዱ ስም ሁለቱንም ያገለግላል። ከአምቦ እስከ ባኮ ባሉ ቢሮዎች «አማጂ» ሲባል ጥር ነው፤ «ፉልባና» ሲባል መስከረም ነው። ዩኒኮድ በሚያዘጋጀውና ስልኮችና ብሮውዘሮች የቋንቋ መረጃ በሚቀዱበት ቋት ውስጥ ግን አማጂ ጃንዋሪ፣ ፉልባና ሴፕቴምበር ተብለው ተቀምጠዋል።

ስለዚህ አንድ ድረ ገጽ «ምዝገባው አማጂ 15 ያበቃል» ቢል ምን ትረዳላችሁ? የጊንጪው ልጅ ጥር 15 ነው ብሎ ይረጋጋል። ገጹን የሠራው ሶፍትዌር ግን ጃንዋሪ 15 ማለቱ ከሆነ፣ ጥር 15 ደግሞ ባለፈው 2017 ዓ.ም. ጃንዋሪ 23 ላይ እንደዋለው ከሆነ፣ ልጁ ስምንት ቀን ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ትርጉሙ ትክክል ነው፣ ፊደሉ ትክክል ነው፣ ቀኑ ግን የተሳሳተ። የአቆጣጠሩ ስም አብሮት ያልተጻፈ ቀን ቀን አይባልም፤ ግምት ነው።

ማን ይክፈል?

የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። አንድ ሰው ቆጥቦ ሌላው የሚከፍልበት ነገር ሲያጋጥመኝ ዝም ብዬ ማለፍ ያቅተኛል። ፕሮግራመሩ ከውጭ ያገኘውን ባለ 12 ወር ፎርም ገልብጦ የወሮቹን ስም ብቻ ወደ መስከረም፣ ጥቅምት ሲቀይር ግማሽ ቀን ሥራ አተረፈ እንበል። ያ ግማሽ ቀን ግን ከአየር አልመጣም። የአክስቴ ልጅ በታክሲ ሒሳብ፣ በደብዳቤ፣ በወረፋ፣ በመጨረሻም በሥራው ዕድል ከፈለችው። እሷ ደግሞ ብቻዋን አይደለችም፤ በየዓመቱ ጳጉሜ ውስጥ የሚወለዱ ሕፃናት አሉ፣ ሁሉም አንድ ቀን ፎርም ይሞላሉ።

የሚያናድደው መሣሪያው መኖሩ ነው። ጃቫስክሪፕት ውስጥ ቀንን በየአገሩ ወግ የሚያሳየው «ኢንትል» የኢትዮጵያን አቆጣጠር በስም ያውቃል፤ «ኢትዮፒክ» በሉት፣ ጳጉሜን ሳይቀር ያወጣላችኋል። ጆዳ-ታይም የተባለው የጃቫ ላይብረሪም ያውቀዋል። ፋየርፎክስ እ.ኤ.አ. በ2025 የጀመረው አዲሱ «ቴምፖራል» ደግሞ ከማሳየት አልፎ በእኛ ቀን ሒሳብ ለመሥራት ያስችላል። አገር ውስጥም ምሳሌ አለ፤ የፋይዳ መታወቂያ የትውልድ ቀንን በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ያሳያል። ሁለት ልብስ፣ አንድ ቀን።

ኮድ ለምትጽፉ፣ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ለምትማሩትም ጭምር፣ የምለው አጭር ነው። ዳታቤዝ ውስጥ አንድ ዓይነት ቀን ብቻ አስቀምጡ። ቅየራው ሰው ሲያስገባና ሰው ሲያይ ብቻ ይሁን፤ መሀል ላይ አትንኩት። ሥራችሁን ከማስረከባችሁ በፊት ሦስት ቀኖች አስገብታችሁ ፈትኑ፦ ጥቅምት 30፤ ጳጉሜ 6 ቀን 2015፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 መሆን አለበት፤ መስከረም 1 ቀን 2016፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 መሆን አለበት። ሁልጊዜ እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 11 ነው ብሎ የተሠራ ኮድ እዚያ ላይ ይወድቃል።

ፎርም ለምትሞሉ ደግሞ፦ ከመሙላታችሁ በፊት የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁ። ወሩን በስም መጻፍ ከተፈቀደ በቁጥር አትጻፉ። የልደት ቀናችሁን በሁለቱም አቆጣጠር አጣርታችሁ ስልካችሁ ላይ መዝግቡና ለሁሉም ቦታ ያንኑ ስጡ። የጽሕፈት ቤቱ ልጅ «መስከረም 1 ላድርግልሽ?» ሲል እንቢ በሉ። ፎርሙ ካልተቀበላችሁ ገጹን ስክሪንሾት አንሱና ላወጣው አካል በጽሑፍ አሳውቁ፤ በኋላ ሰነድ ሲጣላ ማስረጃ ይሆናችኋል።

የአክስቴ ልጅ በቅርቡ ሌላ ቦታ አመልክታለች። ደውዬ «ፎርሙ እንዴት ነው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«መጀመሪያ ያየሁት የወሩን ዝርዝር ነው» አለችኝ። «እስከ ታች ድረስ ወረድኩ። አለች።»