ከበረዶ ሥር የሚወርድ ስንቅ

የሰሜን ዋልታ ባሕር ሲነሣ ሰው ሁሉ ወሬው ስለ በረዶውና ስለ ነጩ ድብ ነው። እኔን የሚያስገርመኝ ግን ከበረዶው ሥር ወደ ጥልቁ የሚወርደው ስንቅ ነው። ነገሩ ባጭሩ ይኸው ነው፦ ለወራት ጠፍታ የነበረችው ፀሐይ ስትመለስ በበረዶው ሆድ ላይና በውኃው ውስጥ አልጌ ይፈላል፤ ገሚሱ ይበላል፣ ገሚሱ ይሰምጣል፤ ከታች ያለው ፍጥረት በዚያ ያድራል።

ብዙ ሰው የሚስተው አወራረዱን ነው። እያንዳንዷ ቅንጣት ለብቻዋ ቀስ እያለች የምትወርድ ይመስለዋል። እስቲ እናስላው። አንዲት የአልጌ ሕዋስ በቀን 1 ሜትር ብትሰምጥ 4,000 ሜትር ለመውረድ ወደ 11 ዓመት ይፈጅባታል፤ ገና መንገድ ላይ ሳለች ባክቴሪያ ይጨርሳታል። በቀን 100 ሜትር የሚሰምጥ ግን በ40 ቀን ይደርሳል። ልዩነቱን የሚያመጣው መጠቅለል ነው። ከጠቃላዮቹ አንዷ ኮፔፖድ የምትባል፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር የምትረዝም ፍጥረት ናት። አልጌ በልታ የምትጥለው ኩስ እንደ ፍየል በጠጥ ጥቅጥቅ ያለ፣ በስስ ሽፋን የተሸፈነ፣ ዲያተም በሚባሉት አልጌዎች የሲሊካ ቅርፊት የከበደ ነው። ኩስ ሲባል ፊታቸውን የሚያጨፈግጉ አንባቢዎች ይታገሡኝ፤ ያለ እሱ የጥልቁ ማዕድ ይሳሳ ነበር።

ሌላው አስማጭ ጀሶ ነው። አዎ፣ ግድግዳ የምንለስንበት ጀሶ! የባሕር ውኃ ረግቶ በረዶ ሲሆን ጨዉ በበረዶው ውስጥ ይጠራቀምና የጀሶ መርፌዎች ይሠራሉ። በረዶው ሲቀልጥ መርፌዎቹ ተለቀው፣ ለመስመጥ እምቢ የሚለውን ፌዮሲስቲስ የተባለ አልጌ ተሸክመውት ይወርዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ከስቫልባርድ በስተሰሜን ይህ ታይቷል።

ሜሎሲራ አርክቲካ የተባለው አልጌ ደግሞ ጠቃላይ አያሻውም። ከበረዶው ሥር ተንጠልጥሎ ሜትሮች የሚረዝም ሰንሰለት ይሠራል፤ በረዶው ሲቀልጥ በጅምላ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ2012 ፖላርሽተርን በተባለችው የጀርመን መርከብ የተጓዘው የአንትየ ቦኤትየስ ቡድን ከ3,500 ሜትር በላይ በሚጠልቅ ወለል ላይ የዚህን አልጌ ክምር፣ ዙሪያውንም የባሕር ኪያር የሚባሉትን እንስሳት ሲመገቡ አገኘ።

የሚሰምጠውን የሚመዘግበው መሣሪያ ወጥመድ ነው፤ አፉ የሰፋ፣ ታቹ የጠበበ ሾጣጣ፣ ከሥሩ በየጊዜው የሚዞሩ ብልቃጦች ያሉት። በግሪንላንድና በስቫልባርድ መካከል ባለው የፍራም ሰርጥ እንዲህ ያሉት ወጥመዶች ለዓመታት ተተክለዋል። ከወጥመድ የወጡ ብልቃጦች ተደርድረው አይቻለሁ፦ የጨለማው ወራት ውኃ ጥርት ያለ፣ ግርጌው ላይ ጭላጭ ብቻ፤ የበጋው ግን ቡናማ ዝቃጭ።

ስለዚህ የሚሰምጠውን የዓመት አማካይ ብቻ የሚጠቅሱ ጸሐፊዎች ያሳዝኑኛል። ከዚህም የባሰው፣ ከአልጌው ጋር የሰመጠውን ካርቦን ሁሉ እንደ ተቀበረ መቁጠር ነው። አብዛኛው መንገድ ላይ ተበልቶ መልሶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። በመሆኑም «ይህን ያህል ሰመጠ» ሲባል ሁለት ነገር ጠይቁ፦ በየትኛው ወር? እስከ ስንት ሜትር?