የፖሊላይን ክፍሎችን በስክሪፕት ስንለካ የምንለካው ምንድን ነው?



የዛሬው ርእሴ ጠባብ ነው። በአውቶካድ የተሣለን ፖሊላይን የእያንዳንዱን ክፍል ርዝመት ለክቶ የሚዘረዝር አጭር ስክሪፕት እንዴት እንደሚጻፍ አስረዳለሁ። ርእሱን የመረጥሁት የመመረቂያ ሥራዎችን በምመረምርበት ጊዜ አንድ ዓይነት ስሕተት ደጋግሜ ስለማይ፣ ያንኑም ስሕተት እኔ ራሴ በወጣትነቴ ሰዎችን በሚጎዳ መንገድ ስለፈጸምሁት ነው።

በአንድ የመንገድ ፕሮጀክት በሥራ መጠን ልኬት ላይ ተመድቤ ነበር። የጠርዝ ድንጋይ፣ በሥራ ቦታው አጠራር ከርብስቶን፣ የሚደረድሩት ግንበኞች የሚከፈላቸው በሜትር ነው። መስመሮቹን አንድ በአንድ እየነካሁ መለካት ሰልችቶኝ በአውቶሊስፕ ስክሪፕት ጻፍሁ። በሰከንዶች ውስጥ ያማረ ሠንጠረዥ ያወጣልኝ ጀመር፤ እኔም ኮራሁበት። ከወራት በኋላ አንድ በዕድሜ የገፉ ግንበኛ ወደ ቢሮዬ መጥተው፣ «ኢንጂነር፣ መታጠፊያው ላይ የእኛ ሜትርና የእርስዎ ወረቀት አይስማሙም» አሉኝ። «ጋሼ፣ ይህን የለካው እኮ ኮምፒውተር ነው» ብዬ መለስሁላቸው። በዚያ መልስ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ስክሪፕቱ ያደርግ የነበረው ይህን ነው። አውቶካድ ፖሊላይንን የሚያስቀምጠው በቁጥር በተለዩ የመረጃ ዝርዝሮች ነው። በ10 ቁጥር የነጥቦቹ መገኛ ይመዘገባል። እኔ እነዚህን ነጥቦች እየለቀምሁ በሁለት ተከታታይ ነጥቦች መካከል ያለውን ቀጥታ ርቀት አሰላ ነበር። ሊስፕ ዝርዝሮችን ለመያዝ የተፈጠረ ቋንቋ ስለሆነ (ጆን ማካርቲ የነደፈው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው፤ ወደ አውቶካድ የገባው ደግሞ በ1986) ሥራው ከዐሥር መስመር ብዙም አያልፍም። ቀላልነቱ ነው ያታለለኝ።

ከእያንዳንዱ ነጥብ ጋር በ42 ቁጥር የሚመዘገብ ሌላ ዋጋ እንዳለ ልብ አላልሁም። የእብጠት ቁጥር ብዬ ልጥራው። ዜሮ ከሆነ ከነጥቡ የሚነሣው ክፍል ቀጥታ ነው፤ ከዜሮ ከተለየ ክፍሉ ቅስት ነው። ቁጥሩ የሚገኘው ቅስቱ በክቡ መሃል የሚከፍተውን ማዕዘን ለአራት አካፍሎ ታንጀንቱን በመውሰድ ነው። ስለዚህ ግማሽ ክብ 1፣ ሩብ ክብ ደግሞ 0.4142 ይሆናል። ምልክቱ የሚነግረን ቅስቱ ወደየት እንደሚዞር ብቻ ነው።

ሬዲየሱ 6 ሜትር የሆነ ሩብ ክብ መታጠፊያ እንውሰድ። የጠርዙ ርዝመት 9.42 ሜትር ነው። ጫፎቹን የሚያገናኘው ቀጥታ መስመር ግን 8.49 ሜትር ብቻ ነው። በእያንዳንዱ መታጠፊያ 94 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጠፋል ማለት ነው። በዚያ ሥራ 44 መታጠፊያዎች ነበሩ፤ በድምሩ 41 ሜትር ጎደለ። ጠቅላላው ርዝመት ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ስለነበር ጉድለቱ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ሠንጠረዡን የመረመረ መሐንዲስ ሁሉ ፈርሞ አሳለፈው። ያዩት ድንጋዩን በእጃቸው የደረደሩት ብቻ ናቸው።

ሌላም ስሕተት ነበረበት። ፖሊላይን የተዘጋ ሲሆን የመጨረሻው ነጥብ ከመጀመሪያው ጋር የሚገናኝበት ክፍል አለ፤ መዘጋቱ የሚታወቀውም በ70 ቁጥር ከተመዘገበው ምልክት ነው። አራት ነጥብ ያለው ክፍት ፖሊላይን ሦስት ክፍል፣ የተዘጋው ግን አራት ክፍል አለው። ነጥቦችን ብቻ የሚቆጥር ስክሪፕት ይህን አራተኛ ክፍል አያውቀውም።

ዛሬ ቅስቱን በእጅ ማስላት ግድ አይደለም፤ ቀመሩን ማወቅ ለማረጋገጥ ቢጠቅምም። በአውቶሊስፕ ስማቸው «ቪላክስ ከርቭ» ብሎ የሚጀምር ተግባራት አሉ። ለእነርሱ የፖሊላይኑ ነጥቦች 0፣ 1፣ 2 እያሉ ይቆጠራሉ። ከመነሻው እስከ አንድ ነጥብ ያለውን ርቀት በኩርባው ላይ ተጉዘው ይነግሩናል። ከነጥብ 3 ርቀት የነጥብ 2ን ርቀት ስንቀንስ የሦስተኛው ክፍል እውነተኛ ርዝመት ይወጣል። እስከ መጨረሻው ቁጥር ከሄድን መዝጊያው ክፍልም ሳይቀር ይገባል።

ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የማስለካቸው የሙከራ ቅርጽ አለ። 10 ሜትር ቀጥታ፣ በዲያሜትር 5 ሜትር የሆነ ግማሽ ክብ፣ ተመልሶ 10 ሜትር ቀጥታ፣ ከዚያ በሌላ ግማሽ ክብ የሚዘጋ፤ የሩጫ ሜዳ ይመስላል። ትክክለኛው ድምር 35.71 ነው። ስክሪፕቱ 30 ካለ ቅስቶቹን ረስቷል፤ 27.85 ካለ መዝጊያውን ረስቷል፤ 25 ካለ ሁለቱንም ረስቷል። የእኔው አሮጌ ስክሪፕት 25 ነው የሚለው። አሁንም ኮምፒውተሬ ላይ አለ፤ አልሰረዝሁትም።

ይህን ሁሉ ካስተካከልን በኋላም የሚቀር ነገር አለ። ቀላሉ ፖሊላይን ለሁሉም ነጥቦቹ አንድ ከፍታ ብቻ ስለሚይዝ የምንለካው አግድሙን ርቀት ነው። በ10 በመቶ ዳገት ላይ በሥዕሉ 100 ሜትር የሆነው መሬት ላይ 100.50 ሜትር ድንጋይ ይወስዳል። ክፍያው በየትኛው እንደሚሆን ስክሪፕቱ አይወስንም፤ በውሉ ውስጥ ተለይቶ መጻፍ አለበት።

ወደ ግንበኛው ልመለስ። ከእርሳቸው ጋር ሜትር ይዘን ወጥተን አንዱን መታጠፊያ ለካን፤ 9 ሜትር ከ40 አካባቢ ሆነ። ወረቀቴ 8.49 ይላል። የጎደለው 41 ሜትር በሚቀጥለው ክፍያ ተጨመረላቸው። ከዚያ በፊት በሌሎች መንገዶች የተፈጸሙት ሁለት ክፍያዎችም በዚያው ስክሪፕት የተሰሉ ስለነበሩ ፋይሎቹን ከፍቼ ሁሉንም እንደገና ለካሁ። ከግንበኞቹ አንዳንዶቹ ወደ ሌላ ሥራ ሄደው ስለነበር ልናገኛቸው አልቻልንም።