ትኋን እንቅልፍ ይነሳል፤ ቅማል ግን ነፍስ ያጠፋል

ክረምቱ ሲበረታና ብርዱ ሲጠነክር የደጋው ገበሬ ከነቤተሰቡ በአንድ ምድጃ ዙሪያ ተሰብስቦ ያድራል። ጋቢና ቡልኮ በጋራ ይለበሳል። ፀሐይ ስለማይገኝ ልብስ ማጠብ ለሌላ ጊዜ ይቆያል፤ የታጠበውም በቅጡ ሳይደርቅ ይለበሳል። በቤት ውስጥ የሚሳቡ ጥቃቅን ተባዮች የሚበረክቱትም በዚሁ ወቅት ነው።

በዚህ ጊዜ ለገበሬ ማኅበር መሪዎች የሚቀርበው አቤቱታ ብዙውን ጊዜ «የተባይ መድኃኒት አስመጡልን» የሚል ይሆናል። ተባዩ የትኛው እንደሆነ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሁሉም «ተባይ» በሚል አንድ ስም ስለሚጠራ፣ መድኃኒቱም አንድ ይመስላል። ውጤቱ ግን ትኋኑን ለማጥፋት የተገዛው መርዝ ሕፃናትን ሲጎዳ፣ ዋነኛው ገዳይ ቅማል ደግሞ በልብስ ስፌት ውስጥ ተደብቆ መቅረቱ ነው። ስለዚህ የማኅበሩ የመጀመሪያ ሥራ ማወቅ እንጂ መርጨት ሊሆን አይገባም።

ለማወቅ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። ተባዩ የተገኘበት ቦታ ግማሹን ይናገራል። በልብስ ስፌትና እጥፋት፣ በአንገትጌ፣ መቀነት ወይም ቀበቶ በሚያርፍበት ስፍራ የሚገኘው፣ መጠኑ የሰሊጥ ፍሬ የሚያህለውና መልኩ ነጣ ያለው የልብስ ቅማል ነው። ቅጫሙም እዚያው ስፌቱ ላይ ተጣብቆ ይታያል። በግድግዳ ስንጥቅ፣ በአልጋ መገጣጠሚያና በመደብ ላይ በተነጠፈ ሰሌን ሥር ተደብቆ ሌሊት የሚወጣው፣ እንደ ምስር ክክ ጠፍጣፋና ቀላ ያለው ትኋን ነው፤ በተደበቀበት አካባቢ ጥቁር ነጠብጣብ ይተዋል። ከወለሉ አቧራ ተነሥቶ የሚዘለው ቁንጫ ነው። ያደገ መዥገር ስምንት እግር ስላለው ስድስት እግር ካላቸው ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። አፉ እንደ ዝሆን ኩምቢ ሾሎ ከጎተራ ሥር የሚርመሰመሰው ደግሞ ነቀዝ ነው፤ እህል ይፈጃል እንጂ ሰው አይነክስም። መለየት ካስቸገረ ተባዩን በትንሽ ጠርሙስ አረቄ ውስጥ ከትቶ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ማሳየት ይበቃል።

ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው የልብስ ቅማል ነው። ግርሻ የተባለውን የሚያገረሽ ትኩሳትና ተስቦ ወይም ታይፈስ የተባለውን በሽታ ከሰው ወደ ሰው የሚያሸጋግረው እርሱ ነው። በዛሬው ዓለም በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ በዋናነት የሚገኘው በኢትዮጵያና በአካባቢዋ መሆኑን ልብ ይሏል። በሽተኛው ሳይታከም ከቀረ ከ100 ሕሙማን ከ10 እስከ 40 የሚሆኑት ሊሞቱ ይችላሉ። በወቅቱ ከታከሙ ግን ቁጥሩ ከ2 እስከ 5 ዝቅ ይላል።

የግርሻ ተሕዋስ የሚተላለፈው በቅማሉ ንክሻ ሳይሆን ቅማሉ ሲጨፈለቅ ነው። ከተጨፈለቀው ቅማል የሚወጣው ፈሳሽ በተቧጨረ ቆዳ ወይም በዓይንና በአፍ በኩል ወደ ሰውነት ይገባል። የታይፈስ ተሕዋስ ደግሞ በቅማሉ ኩስ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ሰውየው ሲያክ በቁስሉ ይገባል። እንግዲህ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ቅማልን በጥፍር መጨፍለቅ፣ ይባስ ብሎም በጥርስ መቀርጠፍ፣ በሽታውን ወደ ራስ መጋበዝ ነው። ለቅሞ እሳት ወይም የፈላ ውኃ ውስጥ መጣል ይሻላል።

ሌላው የተሳሳተ ግምት ገላን በመታጠብና ጠጉርን በመላጨት ይጠፋል የሚለው ነው። የልብስ ቅማል የሚኖረውና የሚፈለፈለው በልብስ ውስጥ ሲሆን ወደ ገላ የሚመጣው ደም ለመምጠጥ ብቻ ነው። ታጥቦ ያንኑ ልብስ መልሶ የለበሰ ሰው ቅማሉን ለጥቂት ደቂቃ አስርቦት መለሰው ማለት ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ኒኮል እ.ኤ.አ. በ1909 በቱኒስ ከተማ የደረሰበትም ይህንኑ ነበር። የታይፈስ ሕሙማን ከሆስፒታሉ ደጃፍ ውጭ ሳሉ ለብዙ ሰው በሽታውን ያስተላልፋሉ፤ ልብሳቸው ወልቆ፣ ታጥበው ወደ ውስጥ ከገቡ በኋላ ግን አጠገባቸው የተኛው እንኳ አይያዝም። ኒኮል ከዚህ በመነሣት በሽታውን የሚያሸጋግረው ከልብሱ ጋር የሚቀረው ቅማል መሆኑን በሙከራ አረጋገጠ። በዚሁ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ1928 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ስለሆነም ዘመቻው በልብስ ላይ ነው። ቅማልንና ቅጫምን የሚገድለው ሙቀት ነው። ውኃው እጅ የማያስገባ፣ 60 ዲግሪ ያህል ሙቀት ካለው፣ ልብሱን በውስጡ ግማሽ ሰዓት መዘፍዘፍ ይበቃል። የከሰል ካውያ ያለው ስፌቱን እየተከተለ ቢተኩስ ቅጫሙን ይፈጃል። እንደ በርኖስ ያለው በሙቅ ውኃ የሚበላሽ ልብስ ደግሞ በንጹሕ ላስቲክ ከረጢት ታስሮ ለአንድ ወር ይቀመጥ። ቅማሉ ደም ካላገኘ ከሳምንት በላይ አይቆይም፤ ወር መጠበቁ ለቅጫሙ ነው።

በርካታ ሰው ባለበት አካባቢ ደግሞ አንድ የቆየ ዘዴ አለ። እ.ኤ.አ. በ1915 ሰርቢያ ውስጥ ታይፈስ ሕዝብ ሲፈጅ፣ ለእርዳታ የሄዱ የእንግሊዝ ጦር ሐኪሞች በተራ በርሜል ልብስን በእንፋሎት መቀቀል ጀመሩ። የበርሜሉ ቂጥ በብዙ ቦታ ይበሳል፤ እሳት ላይ በተጣደ የውኃ ድስት ወይም ጋን ላይ ይቀመጣል፤ ልብሱ ሳይጠቀጠቅ ውስጡ ይደረጋል፤ ክዳኑም ድንጋይ ይጫነዋል። እንፋሎቱ ከሥር ወደ ላይ በልብሱ መካከል ያልፋል። እንፋሎቱ በክዳኑ ዳር በደንብ መውጣት ከጀመረ በኋላ አንድ ሰዓት ማቆየት ነው። ልብሱ በውኃ ስላልተነከረ ቶሎ ይደርቃል፤ ይህም ለክረምቱ ትልቅ ጥቅም ነው። በርሜሉ መርዝ የተያዘበት አለመሆኑን ማረጋገጥ ግን ግዴታ ነው።

በርሜሉ የሚያስፈልገው ለማን እንደሆነ የማኅበር መሪ ከማንም በላይ ያውቃል። ወደ ሁመራና መተማ ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ወርደው በመጠለያ ተጨናንቀው ከርመው የሚመለሱ የቀን ሠራተኞች አሉ። በጠባብ ጎጆ ብዙ ሆነው የሚያድሩ የቆሎ ተማሪዎች አሉ። ለመለወጫ ሁለተኛ ልብስ የሌለው አረጋዊም አለ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ቅማላም» ስድብ ስለሆነ ሰው ይደብቃል፤ የሚደብቅ ሰው ደግሞ አይታከምም። ቅማል የሚበዛው ውኃ፣ ሳሙናና ቅያሪ ልብስ ባነሰበት ነው እንጂ የሰውን ጠባይ አይቶ አይደለም። መሪው የራሱን ጋቢ ቀድሞ በርሜሉ ውስጥ ቢጨምር ከብዙ ስብሰባ ይልቅ ያስተምራል።

በሽታው ገብቶ እንደሆነ መለያው ይኸው ነው። ድንገተኛ ብርድ ብርድ ማለት፣ ከባድ ትኩሳት፣ የራስ ምታትና የመገጣጠሚያ ሕመም ይጀምራል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ትኩሳቱ በራሱ ይለቃል፤ ቤተሰቡም ዳነ ብሎ ይደሰታል። ሳምንት ያህል ቆይቶ ግን ያገረሻል፤ ስሙም ከዚሁ የመጣ ነው። ወባ ነው በሚል ግምት በቤት መድኃኒት መስጠት ጊዜ ማጥፋት ስለሆነ፣ በሽተኛው በደም ምርመራ እንዲለይ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት። መድኃኒቱ በተሰጠ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በሽተኛው በኃይል ሊንቀጠቀጥና ሊያተኩሰው ይችላል። አንዳንድ ቤተሰብ «መርፌው ገደለብን» ብሎ በሽተኛውን ተሸክሞ ሊመለስ ይነሣል። ይህ ግን ተሕዋሱ በብዛት ሲሞት የሚፈጠር ነው፤ አደገኛ ሊሆን ስለሚችልም በሽተኛው ሐኪም እያየው መቆየት አለበት። ቅማል የሚያተኩስን ወይም የሞተን ገላ እየተወ ወደ ሌላ ሰው ስለሚሄድ፣ የአስታማሚውና የሟች ልብስ ሳይቀቀል ለማንም አይሰጥ።

ስለ ሌሎቹ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ትኋን በሽታ እንደሚያስተላልፍ አልተረጋገጠም፤ እንቅልፍ መንሳቱ ግን ለደከመ ገበሬ ቀላል አይደለም። አልጋውን አውጥቶ መገጣጠሚያውን በፈላ ውኃ ማጠብ፣ የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃና በእበት መለሰን፣ እንቁላሉ ስለሚፈለፈል በየአሥር ቀኑ መድገም ነው። ለቁንጫ ወለሉን አዘውትሮ መጥረግና መለቅለቅ፣ ውሻንና ከብትን ከመኝታ መለየት ይረዳል። ሙጃሌ እግር ውስጥ የገባበት ሰው አንዱ በተጠቀመበት እሾህ ሌላው አይጠቀም፤ መንጋጋ ቆልፍ የሚገባው በእንዲህ ያለው ቁስል ነው።

የመርዝ ነገር ግን ሊታለፍ አይችልም። ለሰብል የተገዛ ማላታይን በልብስና በሕፃናት ጠጉር ላይ ሲረጭ ይታያል፤ ይህ መመረዝ ነው። ዲዲቲም ቢሆን ዛሬ መፍትሔ አይሆንም፤ ቅማል እርሱን መቋቋሙ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ.፣ በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ታይቷል። ከሁሉ የከፋው ለነቀዝ የሚሸጠው ፎስቶክሲን የተባለው ክኒን ነው። ክኒኑ የአየር እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የተባለ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ በስንጥቅ አልፎ ወደ መኝታ ክፍል ይገባል፤ ማርከሻ የለውም። በአልጋ ሥር ለትኋን ብሎ ማኖር ወይም ሰው በሚተኛበት ቤት ባለ ጎተራ ውስጥ መጨመር ቤተሰብን በአንድ ሌሊት ሊጨርስ ይችላል። ለነቀዝ አየር የማያስገባው ፒክስ የተባለው ከረጢት አለ፤ እህሉ በደንብ ደርቆ አፉ ከታሰረ ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል፤ መርዝም አይፈልግም። በየገበያው ክኒኑን በፍሬ እየቆጠረ የሚሸጥ ነጋዴ ካለ፣ ማኅበሩ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይኖርበታል። ክኒኑን ቀድሞ ገዝቶ ቤቱ ያስቀመጠ ቤተሰብም ሳይከፍትና ውኃ ሳያስነካ ከመኝታ አርቆ ያቆየው፤ ለልማት ሠራተኛው እስኪያስረክብ ድረስ ልጆች ከማይደርሱበት ስፍራ ይሁን።