የጨጓራ ነቀርሳ ምን ያህል እንደ ጠለቀ አስቀድሞ ስለ መገመት

«ጨጓራዬን ያመኛል» የሚለው ቃል በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ከተሞች፣ እንዲሁም በበበቃና በአካባቢው ባሉት የቡና እርሻዎች ዘንድ ዕለት ዕለት የሚሰማ ነው። ይህን ከሚናገሩት ሰዎች የሚበዙት ሕመማቸው ቀላል ስለ ሆነ በሐኪም ምክርና በመድኃኒት ይድናሉ። በጥቂቶቹ ላይ ግን በዚሁ በተለመደው ስም ተሸፍኖ የጨጓራ ነቀርሳ፣ ዛሬ ብዙዎች ካንሰር የሚሉት በሽታ፣ ሊያድግ ይችላል። ለእነዚህ ሰዎች የሕክምናቸው ዓይነትና የመዳን ተስፋቸው ከሁሉ ይልቅ የሚመዘነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም በሽታው በጨጓራው ግድግዳ ውስጥ ምን ያህል ጠልቋል የሚለው ነው። ሐኪሞች ይህን ጥያቄ እንዴት እንደሚመልሱ፣ መልሱም በቡና አገር የምንኖረውን ሰዎች እንዴት እንደሚመለከተን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን።

የጨጓራ ግድግዳ አሠራር

የቡናን እሸት በእጁ የፈለፈለ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። በመጀመሪያ ቀዩ ልጣጭ፣ ከሥሩ የሚያሙለጨልጨው ጣፋጭ ሥጋ፣ ቀጥሎ ቀጭኑ ደረቅ ሽፋን፣ በመጨረሻም ፍሬው ይገኛል። የጨጓራ ግድግዳም ሲለጠጥ ውፍረቱ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ እንደዚሁ የተደራረበ ነው። አንደኛው ምግብ የሚነካውና አሲድ የሚያመነጨው የውስጥ ሽፋን ነው። ሁለተኛው የደምና የሊምፍ ቧንቧዎች በብዛት የሚተላለፉበት ለስላሳ ሽፋን ነው። ሦስተኛው ምግብን የሚያላምጠው ጡንቻ ነው። አራተኛው ጨጓራውን ከውጭ የሚያለብሰው ስስ ሽፋን ነው።

የቡናን ፍሬ የሚበሳው ተባይ ከውጭ ወደ ውስጥ ይገባል። የጨጓራ ነቀርሳ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከውስጠኛው ሽፋን ሲሆን ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ይዘልቃል። በውስጠኛው ሽፋን ተወስኖ ሳለ በሽታው በቤቱ እንደ ታሰረ ይቈጠራል። ሁለተኛውን ሽፋን ሲደርስ ግን መንገድ አገኘ ማለት ነው፤ በሊምፍ ቧንቧዎቹ አማካይነት ወደ ሊምፍ ዕጢዎች፣ በደም አማካይነትም ወደ ጉበትና ወደ ሌላው አካል ለመጓዝ ይቻለዋል። በሽታው በአንደኛው ሽፋን ብቻ ተወስኖ ከተገኘባቸው 100 ሕሙማን ውስጥ ወደ ዕጢዎች የተሻገረባቸው 3 ያህል ናቸው። ሁለተኛውን ሽፋን ከነካ በኋላ ግን ቍጥሩ ወደ 20 ያህል ከፍ ይላል። በአንድና በሁለት ሚሊ ሜትር መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያህል ነው።

በዚህም ምክንያት የጃፓን ሐኪሞች እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1962 ዓ.ም. ባወጡት ደንብ፣ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሽፋኖች ያላለፈውን በሽታ «ገና በጅምሩ ያለ የጨጓራ ነቀርሳ» ብለው ለይተው ሰየሙት። በዚህ ደረጃ ተገኝተው ተገቢውን ሕክምና ካገኙት ሰዎች ውስጥ ከ100 ከ90 የሚበልጡት አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ በሕይወት ይኖራሉ። ወደ ሩቅ አካል ከተዛመተ በኋላ ከተገኙት መካከል ግን እስከዚያ ጊዜ የሚቈዩት እጅግ ጥቂቶች ናቸው።

ጥልቀቱን የማወቅ ጥቅም

እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1881 ዓ.ም. ቴዎዶር ቢልሮት የተባለው ሐኪም በቪየና ከተማ በነቀርሳ የተያዘ የጨጓራ ክፍል ቈርጦ በማውጣት ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳካለት። ሕመምተኛዋም ከቀዶ ሕክምናው ዳነች፤ ነገር ግን በሽታው ተመልሶባት ከጥቂት ወራት በኋላ ዐረፈች። የሐኪሙ እጅ አልሳተም፤ በሽታው ግን ቢላዋውን ቀድሞ ሄዶ ነበር።

ዛሬ በሽታው በውስጠኛው ሽፋን ብቻ ከተወሰነ፣ በአፍ በኩል በሚገባ ተለማጭ ቱቦ አማካይነት የታመመውን ሽፋን ብቻ ገፍፎ ማውጣት ይቻላል። ሕመምተኛው ሆዱ ሳይከፈት፣ ጨጓራውም ሳይጐድልበት ወደ ቤቱ ይመለሳል። በሽታው ጠልቆ ከሆነ ግን ጨጓራውን በከፊል ወይም በሙሉ ከአጠገቡ ካሉት ዕጢዎች ጋር ማውጣት ያስፈልጋል። ስለዚህ ግምቱ ከልክ በላይ ከጠለቀ ሰውየው ጨጓራውን በከንቱ ያጣል፤ ከልክ በታች ከሆነ ደግሞ በሽታው ሊቀርበት ወይም ለሁለተኛ ሕክምና ሊመለስ ይገደዳል።

ግምቱ የሚደረግበት መንገድ

ሐኪሙ በጫፉ መብራትና ካሜራ ያለበትን ቱቦ፣ ኢንዶስኮፒ የሚባለውን፣ ወደ ጨጓራ አግብቶ ቍስሉን ይመለከታል። ስፋቱ ከ3 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ፣ እጅግ የቀላ፣ ገጹ የተበላሸ፣ ዳርቻውም ያበጠ ሲሆን የመጥለቅ ምልክት ነው። የጨጓራው እጥፋቶች ወደ ቍስሉ ሲደርሱ በድንገት የሚቈረጡ ወይም ወፍረው እርስ በርሳቸው የሚጣበቁ ከሆነም ጥርጣሬው ይጠነክራል። እንደዚሁም ጨጓራው በአየር ሲነፋ ጤነኛው ቦታ ይለጠጣል፤ ጥልቅ ነቀርሳ ያለበት ቦታ ግን ጠንክሮ ሳይለጠጥ ይቀራል። ከዚህም ሌላ በቱቦው ጫፍ የተገጠመ አልትራሳውንድ የግድግዳውን ሽፋኖች ለያይቶ ያሳያል፤ የትኛው ሽፋን እንደ ተቋረጠም ከዚያ ይታያል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ግምት ግምት ነው። በሠለጠኑ ሐኪሞች እጅ እንኳ ትክክል የሚሆነው ከ100 ከ70 እስከ 80 በሚሆኑት ሕሙማን ላይ ነው። በተለይ የቈየ ቍስል ጠባሳ ትቶ እንደ ሆነ ጠባሳው ቦታውን ስለሚያጠነክረው በሽታው ካለበት ይልቅ የጠለቀ ይመስላል። በቅርብ ዓመታት ብዙ ሥዕሎችን እንዲያጠኑ የተደረጉ ኮምፒዩተሮች ለሐኪሙ ረዳት መሆን ጀምረዋል፤ የሐኪሙን ኀላፊነት ግን አይወስዱለትም።

የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ማይክሮስኮፕ ነው። የወጣው ሽፋን በ2 ሚሊ ሜትር ልክ እየተቈራረጠ ይመረመራል። በሽታው በሁለተኛው ሽፋን ውስጥ የገባው ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ሆኖ፣ ስፋቱ ከ3 ሳንቲ ሜትር ካልበለጠ፣ የሕዋሳቱ ዓይነት የከፋ ካልሆነና ወደ ቧንቧዎች ካልገባ፣ ያ ሕክምና ብቻውን ሊበቃ ይችላል። ከዚህ ካለፈ ግን ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይጨመርበታል።

በእኛ አገር ያለው ነገር

በውጭ አገር በምንማርበት ጊዜ ሐኪሞች ስለ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሲከራከሩ ሰምተናል። ወደ አገራችን ስንመለስ ግን ነገሩ የወራት ጉዳይ ሆኖ አገኘነው። በኢትዮጵያ የጨጓራ ነቀርሳ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ጡንቻውን አልፎ፣ ሕመምተኛውም ከስቶና ደሙ ጐድሎ ሳለ ነው። የኢንዶስኮፒ ምርመራ የሚገኘው በትልልቅ ሆስፒታሎች ስለ ሆነ ከእኛ ዘንድ የሚላከው ሕመምተኛ በቦንጋ በኩል ወደ ጂማ፣ አንዳንዴም ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ እስከ አዲስ አበባ መድረስ አለበት። ሰውም በዚህ ላይ «ቡናው ይለቀምና እሄዳለሁ» ይላል። የቡናው ለቀማ ግን ወራት ይፈጃል፤ ከለቀማው በኋላ ማድረቅ፣ ከማድረቁም በኋላ መሸጥ አለ። በሽታው ደግሞ ገበያ አይጠብቅም። የሰውን ችግር አንነቅፍም፤ የአንድ ዓመት ምርት የቤተ ሰብ ኑሮ መሆኑን እናውቃለን። ዳሩ ግን ምርቱን ጎረቤትና ዘመድ ተጋግዞ ሊሰበስበው ይችላል፤ የጠፋውን ጊዜ ግን ማንም አይመልሰውም።

ጅምር ነቀርሳ ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት የለውም፤ ቢኖረውም ከተራ የጨጓራ ሕመም አይለይም። ተልባና ፌጦ፣ ወይም ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ የአሲድ ማብረጃ ሕመሙን ሊያስታግሥ ይችላል፤ ሕመም መታገሡ ግን በሽታው መዳኑን አያስረዳም። እንዲያውም አሲድ የሚቀንሰው መድኃኒት የነቀርሳውን ቍስል ለጊዜው የዳነ አስመስሎ ምርመራውን ሊያዘገየው ይችላል። ስለዚህ ከሚከተሉት አንዱ የታየበት ሰው ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ሄዶ ስለ ኢንዶስኮፒ ምርመራ ይጠይቅ፤

፩ኛ፤ ያለ ምክንያት መክሳት፤
፪ኛ፤ ጥቂት በልቶ ወዲያው መጥገብ፣ ወይም የማያቋርጥ ትውከት፤
፫ኛ፤ ምግብ ለመዋጥ መቸገር፤
፬ኛ፤ ደም ማስታወክ፣ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቈረ ሰገራ፤ (የብረት እንክብል የሚወስድ ሰው ሰገራው ስለሚጠቍር ይህን ለሐኪሙ ይንገር፤)
፭ኛ፤ የደም ማነስና የማይለቅ ድካም፤
፮ኛ፤ ከ50 ዓመት ዕድሜ በኋላ አዲስ የጀመረ የጨጓራ ሕመም፣ ወይም በቤተ ሰብ ውስጥ በዚህ በሽታ የታመመ ሰው መኖር።

ስለ መከላከል

ብዙ ሰዎች «ቡና ነው ወይ የሚያመጣው?» ብለው ይጠይቁናል። ቡና የጨጓራን ነቀርሳ እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ማስረጃ የለም። ከ65 ዲግሪ በላይ የሚያቃጥል መጠጥ ግን፣ ቡናም ሆነ ሻይ፣ ለጕሮሮ ቧንቧ ነቀርሳ ሳያጋልጥ እንደማይቀር ዐዋቂዎች ስለሚናገሩ በረድ አድርጎ መጠጣት ይሻላል።

ዋናው ምክንያት ሌላ ነው። ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ ሁለት የአውስትራሊያ ሐኪሞች እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1982 ዓ.ም. ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለውን የጨጓራ ባክቴሪያ ለይተው አወቁ፤ ስለዚህም በ2005 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ይህ ባክቴሪያ በአገራችን ከተመረመሩት ሰዎች በግማሽ ያህሉ ዘንድ ተገኝቷል። ካለባቸው ሰዎች የሚበዙት በነቀርሳ አይያዙም፤ ነገር ግን ለብዙ ዓመታት ሽፋኑን እያቈሰለ ለበሽታው መንገድ ይጠርጋል። ብዙውን ጊዜ የሚተላለፈው በሕፃንነት፣ በቤተ ሰብ መካከል ነው። ስለዚህ ከመጸዳጃ ቤት በኋላና ከምግብ በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ውሃን አፍልቶ ወይም አጣርቶ መጠጣት፣ በመጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ምግብ አኝኮ ለሕፃን ማጕረስን መተው ይገባል። ሐኪም ያዘዘውንም መድኃኒት ሕመሙ ቢቀልም እንኳ እስከ መጨረሻው መውሰድ ግዴታ ነው። ትምባሆና ጨው የበዛበት ምግብ የበሽታውን ዕድል ስለሚጨምሩ ከእነርሱ መራቅ ይበጃል።

ክቡራን መምህራን ሆይ፤ ተማሪዎቻችሁ ማታ ወደ ቤት ሲገቡ ቃላችሁን ለወላጆቻቸው ያደርሳሉ። ከላይ የቈጠርናቸውን ስድስት ምልክቶች በጥቍር ሰሌዳ ላይ ጻፉላቸው። የጥልቀቱን ልክ ለመገመት ሐኪምና መሣሪያ ያስፈልጋል፤ በሽታው ሳይጠልቅ ሐኪም ዘንድ ለመድረስ ግን የሚያስፈልገው ምልክቱን ማወቅና ቀንን አለማሳለፍ ነው።