የችግረኛ ወረቀት፦ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እስከ ወረዳ ጽሕፈት ቤት

እጁ ባዶ ሆኖ ቤቱ ሰው የታመመበት የወሎ ሰፈር ነዋሪ ሆስፒታል ከመድረሱ በፊት የቀበሌውን በር ማንኳኳት ነበረበት። ምስክር ይጠራል፤ ሰውየው መክፈል እንደማይችል ይነገርለታል፤ ከፊርማውና ከክቡ ማኅተም ጋር የነጻ ሕክምና ወረቀቱን ይዞ ይወጣል። የአዲስ አበባ የድሃ መርጃ አስተዳደር ታሪክ ሁሉ በዚያች ወረቀት ላይ ተጽፏል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። መንግሥት ማን እንደተቸገረ በራሱ ዓይን ያየበት ዘመን አላውቅም፤ ያየው ሁልጊዜ የጎረቤትን ዓይን ተውሶ ነው።

ከወረቀቱ በፊት ደጅ ነበረ። ችግረኛው በቂርቆስም ሆነ በሌላው ደብር ደጅ ይቀመጥ ነበር፤ ሰንበቴውና ዝክሩ ይደርሰዋል፤ ሙስሊሙ ጎረቤቱ ዘካና ሰደቃውን ያካፍለዋል። ቤተ መንግሥቱም ግብር ያበላል። በ1880ዎቹ መጀመሪያ በክፉ ቀን ዐፄ ምኒልክ ጎተራቸውን ከፍተው ሕዝብ መግበዋል፤ በሬ ባለቀበት አገር ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረዋል። ልግስናው ትልቅ ነበር፤ የተቸገረው ግን ስሙ መዝገብ ላይ አልሰፈረም፤ ስለዚህም ነገም ይገባኛል ሊል አይችልም።

ልግስናውን በሕግ ግዴታ ያደረገ አገርም ነበረ፤ እንግሊዝ አገር በ1601 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው የድሆች ሕግ ድሃን መርዳትን የእያንዳንዱ ደብር ግዴታ አደረገው፤ ነዋሪው ግብር ያዋጣል፣ ሹም ተመርጦ ያከፋፍላል። በ1662 ደግሞ የሌላ ደብር ድሃ ወደ መጣበት የሚመለስበት ሕግ ተጨመረ። የቀበሌ መታወቂያ የሌለው ሰው ምን እንደሚገጥመው የሚያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም።

በእኛ አገር ትልቁ ለውጥ የመጣው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የወሎ ረሃብ የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽንን አስወልዶ ነበር፤ የኮሚሽኑ ዓይን ግን ያረፈው በገጠሩ ላይ ነው። የከተማውን ድሃ ያገኘው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለትም ቀበሌ፣ በዚህ አዋጅ ተቋቋመ። እስከ 300 ብር የነበረው ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ፤ ብዙ የተቀነሰለትም ትንሽ ከፋዩ ነው። ከ100 ብር በታች የሚከራዩትን ቤቶች ቀበሌ ራሱ ተረከበ። ኪራያቸው ለአሥርት ዓመታት ሳይነካ ኖረ። እንደ እኔ እምነት በዚህች ከተማ ለድሃ ከተደረገው እርዳታ ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው፤ እርዳታ ብሎ የጠራው ግን የለም። ጣሪያው ቢያፈስስም፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ቢሆንም፣ ጡረተኛዋና እንጀራ ጋጋሪዋ መሃል ከተማ፣ ለሥራቸው ቅርብ ሆነው የኖሩት በእሱ ነው።

ቀበሌው ሱቅም ነበረው። ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና በኩፖን ይታደላል፤ ወረፋው ከንጋት ይጀምራል። ያው ቀበሌ ግን እስር ቤት ነበረው፤ በቀይ ሽብር ዘመን ስንት ቤት አስለቅሷል፤ ወጣት ለብሔራዊ ውትድርና መልምሏል። የሚያበላና የሚያስር እጅ አንድ በመሆኑ ሰው ችግሩን ለቀበሌ ሲናገር እየፈራ ነበር። ፍርሃት የሌለበት እድሩ ነው፤ ድንኳኑና ወንበሩ ከባለጸጋም ከድሃም ቤት እኩል ይደርሳል፤ እድሩ ግን ከመዋጮው ወዲያ አቅም የለውም።

ከደርግ በኋላ የቀበሌ አጥር ብዙ ጊዜ ተነቀለ። በ1995 ከተማዋ በ10 ክፍለ ከተሞች ስትዋቀር የቀበሌዎቹ ቁጥር ቀነሰ፤ ቆየት ብሎም ወረዳ ተተካ። ሊቀመንበሩ እያንዳንዱን ቤት በስም የሚያውቅበት ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል።

የተጻፈ መመሪያና በጀት ያለው እርዳታ የመጣው በ2009 ነው፤ ሰው ሴፍቲኔት የሚለው የከተሞች የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም። ከዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን፣ ከመንግሥት 150 ሚሊዮን ዶላር ተመድቦለት አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ለ604 ሺህ ሰዎች ታቀደ። መሥራት የሚችለው ጎዳና ይጠርጋል፣ አረንጓዴ ቦታ ያለማል፤ ከሚያገኘውም 20 በመቶው ይቆጠብለታል። አረጋውያን፣ የአካል ጉዳተኞችና ሕመምተኞች ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ለይቶ የሚመርጠው ግን ዞሮ ዞሮ ከነዋሪው የተውጣጣ ኮሚቴ ነው። የማኅበረሰብ ጤና መድንም መክፈል የማይችለውን ነዋሪ መዋጮ ሲሸፍን የሚጠይቀው ያንኑ ጥያቄ ነው፦ መክፈል አለመቻሉን ማን ያውቃል?

በ2017 የካዛንቺስ ሰፈር ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ነዋሪ ወደ ገላን ጉራ ሄደ። የተሰጠው ቤት ከጭቃው ቤት የተሻለ ይሆናል፤ እዚያ ላይ አልከራከርም። የምጠይቀው ስለ ምስክሮቹ ነው። ባሏ የሞተባት ጎረቤት ከወር እስከ ወር እንዴት እንደምትደርስ፣ ማን ልጅ ልኮ እንደሚረዳትና ማን እንደማይረዳት የሚያውቁት በአንድ ግቢ ሠላሳ ዓመት አብረዋት ቡና የጠጡ ሰዎች ናቸው። በአዲሱ ወረዳ የልየታ ኮሚቴ ሲቀመጥ ስሟን የሚያነሳላት ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ መኖር አለበት።