የቴሌቪዥን ፖሊስ ለምን አይስትም?

በየቪዲዮ ቤቱ ፊልም እያየ ያደገ ሰው አንድ ሕግ ያውቃል፤ አክተሩ አይሞትም። የአሜሪካ የፖሊስ ድራማዎች ሌላ ሕግ ጨምረውበታል፤ አክተሩ አይስትም። መርማሪው ከመኪና በር ጀርባ ያጎነብሳል፣ ብቅ ብሎ ሁለቴ ይተኩሳል፣ ወንጀለኛው ወደ ኋላ ተፈናጥሮ ይወድቃል። ከማስታወቂያው በኋላ ደግሞ መርማሪው ቢሮው ቡና ይዞ ስለሚቀጥለው ጉዳይ ያወራል። ይህ ከእውነቱ ምን ያህል ይርቃል የሚለው ክርክር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ነገር አዋቂ ነን የሚሉ ተመልካቾች ግን ብዙ ጊዜ የሚነታረኩት በትንሹ ነገር ነው፤ ሽጉጡ ስንት ጥይት ይጎርሳል፣ መዶሻ የሌለው ግሎክ ሽጉጥ ለምን «ቀጭ» አለ እያሉ። ትልቁ ውሸት ያለው ሌላ ቦታ ነው።

መጀመሪያ ተኩሱ ራሱ ብርቅ ነው። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ጥናት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከልምምድ ሜዳ ውጭ፣ በሥራ ላይ ሳሉ መሣሪያቸውን ተኩሰው የሚያውቁ የአሜሪካ ፖሊሶች 27 በመቶ ብቻ ናቸው። ከሕዝቡ ግን 83 በመቶው አንድ ተራ ፖሊስ በሥራ ዘመኑ ቢያንስ አንዴ ተኩሷል ብሎ ያምናል። ይህን ግምት ቴሌቪዥን ብቻውን ፈጠረው ማለት ባይቻልም፣ ሰው ፖሊስ ሲተኩስ የሚያየው በአብዛኛው እዚያ ነው።

ሲተኮስም ይሳታል። ራንድ የተባለው ተቋም የኒውዮርክ ፖሊስን መዝገብ መርምሮ በ2008 እንዳወጣው፣ ከ1998 እስከ 2006 ባለው ጊዜ ተጠርጣሪው መልሶ በሚተኩስበት ግጭት ዒላማውን ያገኘው የፖሊስ ጥይት በአማካይ 18 በመቶ ነበር፤ ተጠርጣሪው ሳይተኩስ እንኳ ከ30 በመቶ አላለፈም። የቀረው የት ሄደ? በ2012 ኒውዮርክ ኤምፓየር ስቴት ሕንፃ አጠገብ ሁለት ፖሊሶች አንድ ነፍሰ ገዳይ ላይ 16 ጥይት ተኮሱ። ሰውየው ሞተ፤ በጥይቶቹና በፍንጣሪያቸው ደግሞ ዘጠኝ መንገደኞች ቆሰሉ። በድራማ ውስጥ የሳተ ጥይት መስታወት ይሰብራል እንጂ መንገደኛ አያገኝም።

የእውነተኛ ተኩስን መልክ ለማየት ከሁሉ የሚሻለው ምሳሌ ኤፕሪል 11 ቀን 1986 ማያሚ አካባቢ የሆነው ነው። ስምንት የኤፍቢአይ ወኪሎች ፕላትና ማቲክስ የተባሉ ሁለት የባንክ ዘራፊዎችን መኪና ገጭተው አስቆሙ። አንደኛው ወኪል ሽጉጡን አውጥቶ መቀመጫው ላይ አስቀምጦት ነበር፤ በግጭቱ ተፈናጥሮ ጠፋበት። ገና በጅምሩ አንድ ጥይት ፕላትን በክንዱ አልፎ ደረቱ ውስጥ ገባ፤ ልቡ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ቁስሉ የሚገድል ነበር፤ ሰውየው ግን አልወደቀም። ሁለት ወኪሎችን የገደለው ከዚያ በኋላ ነው። ሚሬለስ የተባለው ወኪል ግራ ክንዱ ደቆ ሾትጋኑን በአንድ እጁ እያቀባበለ ተኮሰ፤ ያም ሲያልቅ ስድስት ጎራሽ ሽጉጡን ይዞ ወደ መኪናው ተራመደና ጨረሳቸው። ሁሉም ነገር አምስት ደቂቃ አልሞላም፤ ወደ 145 ጥይት ተተኩሷል። ኤፍቢአይ ከዚህ በኋላ የበለጠ ኃይል ያለው ሽጉጥ ፍለጋ ገባ።

በስክሪን ላይ የተመታ ሰው ተወርውሮ የሚወድቀው ከኋላው በገመድ ስለሚጎተት ነው። የሽጉጥ ጥይት ሰው የመወርወር አቅም የለውም፤ ቢኖረው ኖሮ ተኳሹም አብሮ በተወረወረ። አንጎል ወይም አከርካሪ ካልተመታ በስተቀር ሰው የግድ የሚወድቀው ደሙ ሲያልቅ ነው፤ እስከዚያ ብዙ ሊሠራ ይችላል። የመኪናው በርም ጋሻ አይሆንም። የሚከልለው ሞተሩ ያለበት በኩል ነው።

ታዲያ ድራማዎቹ ይህን ሳያውቁ ቀርተው ነው? አይደለም። በ1951 ቴሌቪዥን ላይ የወጣው «ድራግኔት» ከሎስ አንጀለስ ፖሊስ እውነተኛ መዝገብ እየቀዳ ይሠራ ነበር፤ መሣሪያም የሚተኮስበት ጊዜ ጥቂት ነው። በ1967 ተመልሶ ሲመጣ በአንዱ ክፍል አክተሩ ሳጅን ፍራይዴይ ሌሊት አንድ ሌባ ላይ ይተኩሳል፤ የዚያ ክፍል ታሪክ ግን ተኩሱ ሳይሆን ምርመራው ነው። ሌባው ቀድሞ መተኮሱን የሚያስረዳ ጥይት እስኪገኝ ድረስ ፍራይዴይ ራሱ ተጠርጣሪ ሆኖ ይቀመጣል። ከዚያ ወዲህ ስንት መቶ ድራማ ተሠርቶ ይህን የደፈረው ጥቂት ነው። (ፖሊስ መምሪያው ስክሪፕቱን አስቀድሞ ያየው ስለነበር፣ «ድራግኔት» የመምሪያውን ጉድ እንዳያሳይ ሆኖ የተሠራ ድራማ መሆኑም መዘንጋት የለበትም።) በእውነቱ ዓለም የተኮሰ ፖሊስ መሣሪያው ለምርመራ ይወሰዳል፣ ቃሉን ይሰጣል፣ ከመደበኛ ሥራው ገለል ይደረጋል። አርባ ደቂቃ ብቻ ያለው ክፍል ለዚህ ቦታ የለውም፤ አክተሩ በየሳምንቱ ቢተኩስማ ዓመቱን ሙሉ ቤቱ መዋሉ ነው።

ድምፁስ? ክላሽ አጠገቡ ተተኩሶ የሚያውቅ አንባቢ የቴሌቪዥን ተኩስ ምን ያህል የለዘበ እንደሆነ አይነገረውም። በተዘጋ ክፍል ሽጉጥ ተተኩሶ ወዲያው በሹክሹክታ መነጋገር የሚቻለው በድራማ ብቻ ነው። «ማያሚ ቫይስ»ን በቴሌቪዥን ያዘጋጅ የነበረው ማይክል ማን በ1995 «ሂት» የተባለውን ፊልም ሲሠራ፣ የመንገዱን ተኩስ ስቱዲዮ ውስጥ ከተቀዳ ድምፅ ይልቅ እዚያው ከሕንፃ ሕንፃ ሲያስተጋባ በተቀዳው አቀረበ። ፊልሙ እስከ ዛሬ ለዚህም ይጠቀሳል።

ለዚያ ዓይነት እውነታ ግን ባሩድ ያስፈልጋል። ለቀረጻ የሚውለው፣ ባሩድ ብቻ እንጂ እርሳስ የሌለው ጥይት እንኳ ከቅርብ ሊገድል ይችላል፤ በ1984 ጆን-ኤሪክ ሄክሰም የተባለው ተዋናይ በቀረጻ መሀል እየቀለደ ሽጉጡን ጆሮ ግንዱ ላይ ደግኖ ቃታ ስቦ በዚሁ ሞቷል። በኦክቶበር 2021 ደግሞ «ረስት» በተባለው ፊልም ቀረጻ ላይ ሽጉጡ ውስጥ እውነተኛ ጥይት ተገኝቶ የካሜራ ባለሙያዋ ሃሊና ሃቺንስ ተገደለች። በቀናት ውስጥ «ዘ ሩኪ» የተባለው የፖሊስ ድራማ ባሩድ የሚተኩስ መሣሪያ ከቀረጻ ቦታው አገደ። አሁን ተዋናዮቹ የሚይዙት በአየር የሚሠራ መጫወቻ ነው፤ ከአፈሙዙ የሚወጣው እሳት በኮምፒውተር ይጨመራል። ሽጉጡ እጃቸውን እንደ እውነተኛው አይመታም፤ ጥንቁቅ ተመልካችም ይህን አይቶ ያማርራል። ያማርር።